ስድስት ዓመት የቆመችው ፓጄሮ እና የቱርቦዋ ጉዳይ

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ነው። አንድ ማለዳ እትዬ ጋራዡ ደጅ መጥተው ቆሙ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበዋል። ደብረ ብርሃን በዚያ ሰሞን ውርጭ ጥሎ ነው የሚያነጋው።

«ልጁ የአባቱን መኪና ካላስነሳሁ ብሏል» አሉኝ። «መጥተህ እያት። ሞታለች ካልክም ቁርጤን ልወቅ።»

መኪናዋን አውቃታለሁ። ሚትሱቢሺ ፓጄሮ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ1988 ስሪት፣ ያ ሳጥን የሚመስለው አሮጌ ቅርጽ። ሞተሯ 4ዲ56 የሚባለው ነው። አራት ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር፣ ናፍታ፣ ባለቱርቦ። የእትዬ ባለቤት ሸዋ ሮቢት ላይ የሽንኩርት እርሻ ነበራቸው። በሳምንት ሁለቴ ይወርዳሉ፣ ይወጣሉ። በ2005 ዓ.ም. መኪናዋ ሰማያዊ ጭስ ማጨስና ዘይት መብላት ጀመረች። አንድ ጋራዥ ወሰዷት። «ሞተሩ አልቋል፣ መውረድ አለበት» ተባሉ። የተጠየቁት ገንዘብ ብዙ ነበር። «ሽንኩርቱ ሲሸጥ አሠራታለሁ» ብለው ግቢ ውስጥ አቆሟት። ሽንኩርቱ ተሸጠ። እሳቸው ግን በዚያው ዓመት አረፉ። መኪናዋም እንደቆመች ቀረች።

ቆማ የከረመች መኪና ማስነሳት ለእኔ የዘወትር ሥራ ነው። ይችኛዋን የምጽፋት በሌላ ምክንያት ነው። ደህና ሞተር ስድስት ዓመት ሙሉ «ሞቷል» ተብሎ ተቀምጧል። ለምን እንደሆነ ደርሼበታለሁ። ስህተቱም ደጋ ላይ የምንሠራ መካኒኮች በቀላሉ የምንወድቅበት ነው።

ግቢው ውስጥ

መኪናዋ በቆርቆሮ ዳስ ሥር ነበረች። አራቱም ጎማ ተንፍሶ መሬት ላይ ተኝቷል። የኋላ ወንበሩን ዶሮ እንቁላል ትጥልበታለች። የእጅ ፍሬኑ እስከ ጥግ ተስቧል። ስድስት ዓመት እንደተሳበ ማለት ነው። እሱን ሳይ ሥራው ከሞተሩ ይልቅ እግሯ ላይ እንደሚበዛ ገባኝ።

«ሞክረሃታል?» አልኩት ልጁን።

«የጎረቤት ባትሪ አምጥቼ ሞክሬ ነበር ጋሼ። ቀጭ ብቻ አለች።»

ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ተጣብቆ ነበር። ያ የተጣበቀ ሞተሪኖ ነው ሞተሩን ያዳነው። የአየር ማጣሪያውን ቤት ስከፍት አይጥ ጭድና የወንበር ስፖንጅ ጠቅጥቃበታለች። ሞተሩ ያን ቀን ዞሮ ቢሆን ያ ሁሉ ገለባ ወደ ውስጥ ይሳብ ነበር። ቺንጋዋም ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። እሷን ቆየት ብዬ አነሳታለሁ።

ከማጣሪያው ወደ ቱርቦ፣ ከቱርቦ ወደ ሞተር የሚሄዱትን ጎማዎች ፈታኋቸው። ከሁለተኛው ውስጥ አንድ የቡና ሲኒ የሚሞላ ዘይት ፈሰሰ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ እንደ ማር የሚሳብ። ጣቴን ሰድጄ የቱርቦውን ክንፍ ላዞረው ሞከርኩ። ንቅንቅ አይልም።

ጉዳዩ እዚያው ግማሹ ተፈታ።

ቱርቦ አሠራሩ ቀላል ነው። የጭሱ ግፊት አንዱን ክንፍ ያዞራል። ክንፉ እርሳስ በምታክል ዘንግ ከሌላ ክንፍ ጋር ተያይዟል። ያኛው ክንፍ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተር ይልካል። ሥራ ላይ ሲሆን ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል። የዚህኛው ቱርቦ ዘንግ እንደ ጎማ ኩሽኔታ ኳስ የለውም። በሞተሩ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። ዘንጉ የተቀመጠበት ብረት ሲበላ ዘይቱ ያመልጣል። ወደ አየር መግቢያው ይገባና ከናፍታው ጋር ይቃጠላል። ያን ጊዜ ሰማያዊ ጭስ ታያለህ፣ ዘይትም ይጎድላል። ፋሻው፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት፣ ያለቀ ሞተርም የሚያሳየው ይህንኑ ምልክት ነው። ሁለቱን ለመለየት አንድ የአየር ቱቦ ፈትቶ ውስጡን ማየት ይበቃ ነበር። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ወረቀቱ

ልጁ ከአባቱ ፋይል ውስጥ ያንን የድሮ የምርመራ ወረቀት አግኝቶ አመጣልኝ። በእጅ የተጻፈ ነው። ኮምፕሬሽን፣ ማለትም እያንዳንዱ ሲሊንደር አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት፦ 19፣ 19፣ 18፣ 19 ባር። ከጎኑ «መደበኛው 27» ተብሎ ሁለቴ ተሰምሮበታል።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ሰውየው ትዝ አሉኝና ሳቁ ጠፋ።

ለእንዲህ ዓይነቱ የናፍታ ሞተር መጽሐፍ የሚያስቀምጠው ቁጥር ከ25 እስከ 30 ባር አካባቢ ነው። ያ ቁጥር ግን ለባሕር ጠለል ነው። ሞተር አየር አይፈጥርም፤ ያገኘውን አየር ነው የሚጨምቀው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉ 70 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ስለዚህ 27 ባር የሚጨምቅ ጤነኛ ሞተር እዚህ መጥቶ ሲለካ 19 ገደማ ያሳያል። 27ን በ0.7 አባዙት።

ወረቀቱ ላይ ያለው የጤነኛ ሞተር ቁጥር ነበር። አራቱ ሲሊንደሮች እኩል መሆናቸው ራሱ ሊያጠራጥራቸው ይገባ ነበር። ፋሻው የተበላ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ አራቱም በእኩል አይበሉም፤ አንዱ 12፣ አንዱ 17 እያለ ይበታተናል። «ለካው» የተባለውን የዚያን ጋራዥ ልጅ አልወቅሰውም። መጽሐፉን አምኗል። መጽሐፉ ደግሞ የጣርማ በርን አቀበት አያውቀውም።

ሳይነሳ በፊት

እኔም በራሴ ልለካው ፈለግኩ። ለመለካት ሞተሩ መዞር አለበት። እንዲዞር ደግሞ መጀመሪያ መላላት አለበት። ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን አራቱን ካንዴሌታ ፈታሁ። በየቀዳዳው ናፍታ የተቀላቀለበት ቀጭን ዘይት አንዳንድ ማንኪያ ጨመርኩና ሁለት ሌሊት አሳደርኩት። በሦስተኛው ቀን የፊት ፑሌጃውን ብሎን በቁልፍ ይዤ በእጄ አዞርኩት። መጀመሪያ እምቢ አለ። ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ፊት። ከዚያ እንደ በር ማጠፊያ ሲጥ ብሎ ዞረ። በሞተሪኖ ጉልበት ብሞክረው ፋሻ መስበር ሊመጣ ይችል ነበር።

ቺንጋው ላይ ትንሽ ልቆይ። 4ዲ56 በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ባለጥርስ ቺንጋ አለው። ትልቁ የላዩን የቫልቭ ዘንግና የናፍታውን ፖምፓ ያዞራል። ትንሹ የሞተሩን ንዝረት የሚያለዝበውን ዘንግ ያዞራል። ሰው ትልቁን ይለውጥና ትንሹን «ደህና ነው» ብሎ ይተወዋል። ትንሹ ይበጠስና ትልቁ ውስጥ ይጠመጠማል። ትልቁ ከጥርሱ ሲስት ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ያን ጊዜ ሞተሩ በእውነትም ይወርዳል። ትንሹን ጨርሰው አውጥተው የሚጥሉ መካኒኮች አሉ። መኪናው ትንሽ ይንቀጠቀጣል እንጂ ይሄዳል። አልከራከራቸውም፤ እኔ ግን አላደርገውም። ሁለቱንም ከነመወጠሪያቸው ለወጥኩ።

ሰርባቶዮው ውስጥ ሃያ ሊትር ያህል ናፍታ ነበር። ናፍታ ይባል እንጂ መልኩ ደጋግሞ የፈላ ሻይ፣ ሽታው የቤት ቀለም ነው። ከሥሩ ውኃና ጥቁር ዝቃጭ። አውርጄ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አደረቅኩት። ፊልትሮውን ለወጥኩ፣ ናፍታ የሚረጩትን ኖዝሎች ፖምፓ ቤት ልኬ አስጠረግኩ። ሞተሪኖውን ፈታሁ፣ ቅባት አደረግኩለት፣ ሠራ። ባትሪ አዲስ።

ከዚያ ለካሁ። 18፣ 19፣ 18፣ 18። ለስድስት ዓመት እንቅልፍ ጥሩ ነው። ከድሮው ወረቀት ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጌ ለልጁ አሳየሁት። ብዙ ጊዜ አየው። ምንም አላለም።

ቱርቦውን ማውጣት

«ጋሼ፣ ቱርቦውን በሌላ እንለውጠዋ» አለኝ በማግሥቱ።

«ብር አለህ?»

ዝም አለ። የቱርቦው የመሐል ዕቃ (ዘንጉና ክንፎቹ) ብቻ፣ ያውም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ፣ እስካሁን ካወጣው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ለጊዜው ያለ ቱርቦ ትሂድ አልን። ነገሩ እብደት አይደለም። ይኸው ሞተር ከፋብሪካ ያለ ቱርቦም ወጥቷል። ጉልበቱ ሰባዎቹ የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። ባለቱርቦው ግን ከሰማንያ ያልፋል። በወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ደጋ ላይ ትንሽ አይደለም፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ብዙ ሰው ቱርቦ ማውጣት ብሎን መፍታት ይመስለዋል። መፍታቱ ያስለቅሳል እንጂ ከባድ አይደለም። ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ከሚሰበስበው ማኒፎልድ ጋር የያዙት ብሎኖች ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ሁለት ቀን ደብሊው ዲ 40 አጠጣኋቸው፣ በኦክስጅን አሞቅኳቸው። ሦስቱ ተፈቱ። አራተኛው ተቆረጠ። እሱን በመሰርሰሪያ ለማውጣት ግማሽ ቀን ሄደ።

ዋናው ሥራ ቱርቦው የተወውን ቀዳዳ ሁሉ በአግባቡ መዝጋት ነው።

በጭሱ በኩል ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው የቱርቦውን ክንፍና ዘንግ አውጥቶ ባዶ ቤቱን እንደ ቱቦ መጠቀም ነው። ቶሎ ያልቃል። ግን የቱርቦ ቤት እንደ ቀንድ አውጣ የተጠመዘዘና እየጠበበ የሚሄድ ነው። ጭሱን ጨምቆ ክንፉን እንዲያዞር ታስቦ ነው የተሠራው። ክንፍ ከሌለ ሞተሩ በከንቱ በጠባብ አፍንጫ ይተነፍሳል። ስለዚህ ቱቦ ማሠራት መረጥኩ። አሮጌውን ጓርኒሲዮን ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። በእሱ ልክ ከ10 ሚሊ ሜትር ብረት ፍላንጅ አስቆረጥኩ። ባለ ሁለት ኢንች ወፍራም ቱቦ ተጠምዝዞ ተበየደበት። ቸኮልኩና ወዲያው ገጠምኩት። ስህተት ነበር። ብየዳ ብረት ያጣምማል። በሆነ ጥግ ፍስስ ይላል። ተመልሼ ፍላንጁን ቶርኖ ላይ አስላጥኩትና እንደገና ገጠምኩ። የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ድሮ በቱርቦው ታግዞ ነበር የሚንጠለጠለው። አሁን ክብደቱ ማኒፎልዱን እንዳይሰነጥቀው ከካምቢዮው ጋር የሚይዘው ድጋፍ ጨመርኩለት።

የዘይቱ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ ቱርቦ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ የሞተሩ ሙሉ ግፊት አለበት። እሱን ክፍት ረስቶ ማስነሳት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሞተሩን ያለ ዘይት ማስቀረት ነው። ከመነሻው ነቅዬ በብሎንና በመዳብ ሮንዴላ ዘጋሁት። ቱቦውን በመዶሻ ጠፍጥፎ «ተዘግቷል» ያለ ልጅ አውቃለሁ። ያች መኪና ሸኖ ሳትደርስ ዘይቷን መንገድ ላይ ጨርሳለች። የዘይቱ መመለሻም አለ። ግፊት የለውም፣ ግን ክፍት ከተተወ ዘይት ይተፋል፣ አቧራም ይገባል። እሱን በላሜራና በጓርኒሲዮን ደፈንኩ። የእኛው ቱርቦ በዘይት ብቻ የሚቀዘቅዝ ነው። ውኃም የሚገባባቸው አሉ፤ ለእነሱ የውኃውንም መንገድ ማገናኘት ያስፈልጋል።

አየሩ ቀላል ነው። ከማጣሪያው ቀጥታ ወደ መግቢያው ጎማና ሁለት ፋሼታ። የአይጧን ቤት አፍርሼ ማጣሪያውን በአዲስ ለወጥኩ።

ብዙዎች የሚረሱት የናፍታ ፖምፓውን ነው። ባለቱርቦ ፖምፓ አናቱ ላይ ኮፍያ የመሰለ ነገር አለው። ከቱርቦው ቀጭን ጎማ ይመጣለታል። አየሩ ሲጠቀጠቅ ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ይገፋና «ናፍታ ጨምር» ይላል። ቱርቦ ከሌለ ግፊት የለም፣ ስለዚህ ፖምፓው በራሱ ጊዜ ቆጣቢ ይሆናል። ይኼ ጥሩ ነው። መጥፎው ነገር የሚመጣው ሰው መኪናው ደከመ ብሎ የፖምፓውን ብሎን ወደ መጨመሪያው ሲያዞር ነው። አየር በሌለበት ናፍታ ቢጨመር ጥቁር ጭስና ሙቀት እንጂ ጉልበት አይገኝም። እኔ እንዲያውም ትንሽ ቀነስኩ። የኮፍያውን አፍ አቧራ እንዳይገባ በአጭር ጎማ ወደ ታች አዙሬ ተውኩት።

ይህን ሁሉ ስሠራ ያችን ቀጭን የዘይት ቱቦ አፌ ላይ አድርጌ ነፋኋት። አየር አያልፍም። እንደገና ነፋሁ። ምንም። በመጋዝ ለሁለት ቆረጥኳት። ውስጧ ከሰል ነው። የተቃጠለ ዘይት ደርቆና ደንድኖ ቱቦውን ደፍኖታል።

ቱርቦው እንዴት እንደሞተ ያን ጊዜ ገባኝ። ዘይት ተከልክሎ ነው። ቀድሞ ብር ተገኝቶ አዲስ ቱርቦ በዚያው ቱቦ ላይ ብንገጥም ኖሮ ሳምንት አይቆይም ነበር።

ማታ ቡና ላይ እትዬን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ አነዳዳቸው እንዴት ነበር? ይቸኩሉ ነበር?»

«ኧረ እሱ!» አሉ። «ቀስ ነበር የሚለው። ከሸዋ ሮቢት ስንወጣ ግን ጣርማ በር አናት ላይ ሳይቆም አያልፍም። ሞተሩን ያጠፋና ወርዶ ቁልቁል ያያል። 'ነፋሱን ልቀበል' ይላል። እኔ በብርድ እሞታለሁ፣ እሱ ይቆማል።»

ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጣርማ በር አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሽንኩርት የጫነች መኪና ያን ሁሉ ሽቅብ ስትወጣ ቱርቦው ፍም ይሆናል። ልክ አናቱ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ መዞር ያቆማል። በዘንጉና በቱቦው ውስጥ የቀረው ዘይት እዚያው ተጠብሶ ይቀራል። በሳምንት ሁለቴ፣ ለዓመታት። አንድ ሁለት ደቂቃ ሞተሩን በባዶ ማስዞር ነበር የሚያስፈልጋቸው። ለእትዬ ይህን አልነገርኳቸውም። ለልጁ ግን ነገርኩት።

ፉጨቷ

መጀመሪያ ናፍታ የሚያቆመውን ሽቦ ነቅዬ በሞተሪኖ ብቻ አዞርኩት። የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ። ከዚያ ሽቦውን መለስኩ፣ አየሩን ከፊልትሮውና ከኖዝሎቹ አስወጣሁ። ረዳቴ ጣውላ ይዞ አየር መግቢያው አጠገብ ቆሟል። የናፍታ ሞተር ከመግቢያው ዘይት ካገኘ ቁልፉን አጥፍተኸውም አይቆምም፤ በዘይቱ እየበረረ ራሱን ይሰብራል። ያኔ የሚያቆመው አየሩን መድፈን ብቻ ነው። በእጅ ወይም በጨርቅ ግን አይሞከርም። መስመሩን ሁሉ አጥበን አድርቀነዋል፤ ቢሆንም ጣውላው ይኑር አልኩ።

ካንዴሌታው ሃያ ሰከንድ ያህል ሞቀ። አንደኛው ሙከራ፣ ነጭ ጭስ። ሁለተኛው፣ አንድ ሲሊንደር ትክ ትክ። ሦስተኛው ላይ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ ከዚያ አራቱም ገቡ። ግቢው በጭስ ተሞላ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። ጣውላው ሥራ ፈታ።

እትዬ በረንዳው ላይ ቆመው አዳመጡ። እልል ይላሉ ብዬ ነበር።

«ፉጨቷ የት ሄደ?» አሉኝ።

ከስድስት ዓመት በኋላ የቱርቦውን ድምፅ ያስታውሳሉ። ባለቤታቸው ሲመጡ መኪናዋን ከሩቅ የሚያውቋት በሱ ነበር።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መኪናዋ አራት ቀን አልተንቀሳቀሰችም። የኋላው ፍሬን ሸራ ከታምቡሩ ጋር ተጣብቋል። ታምቡሩን በመዶሻ መትቼ፣ አሙቄ፣ በመከራ አወጣሁት። ሸራው ከብረቱ ተላቆ ታምቡሩ ላይ ቀረ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውኃ ይጠጣል፤ ስለዚህ የውስጥ ፒስቶኖቹ ሁሉ ዝገዋል። ዋናውን የፍሬን ፖምፓ ጎማ፣ የአራቱንም እግር የፍሬን ፒስቶን ጎማ፣ ሁለት የላስቲክ ቱቦ ለወጥኩ። ዘይቱን በሙሉ አፍስሼ በአዲስ ሞላሁ። ለሞተሩና ለቱርቦው ከከፈለው ይልቅ ለፍሬን የከፈለው በለጠ። ልጁ አጉረመረመ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ አስታወስኩትና ዝም አለ። መኪና ለብዙ ጊዜ ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ። ማርሽ አስገቡና ጎማው ሥር ድንጋይ አድርጉ።

ያለ ቱርቦ ሽቅብ

ጎማ ተለወጠ፣ ምርመራው አለፈ፣ ቦሎው ተለጠፈ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ልጁና እኔ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማ በር መንገዱ አብዛኛው ደህና ነው። በአራተኛ ማርሽ 70 ትሄዳለች። ጣሊያን በሠራው ዋሻ ውስጥ አልፈን ቁልቁል በሁለተኛ ማርሽ ወረድን። ፍሬኑ ጥሩ አድርጎ ይይዛል።

መልሱ ላይ ነው ቱርቦ ምን እንደነበር ያየነው። እስከ ደብረ ሲና በሦስተኛ ታገለች። ከደብረ ሲና በላይ ሁለተኛ ብቻ። 25፣ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት። አይሱዙ ጭነት ይዞ ከኋላችን ጥሩምባ ነፋብን። ስሌቱ ይህ ነው። ያለ ቱርቦ ሞተሩ በባሕር ጠለል ሰባ ምናምን ፈረስ ቢኖረው፣ ጣርማ በር ላይ ሃምሳ ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ቱርቦ ያለው ግን የጎደለውን አየር በከፊል ጠቅጥቆ ይተካል። አዳማ ወይም አዋሽ ላይ የምትኖር መኪና ያለ ቱርቦ ልትኖር ትችላለች። ጣርማ በርን በሳምንት ሁለቴ የምትወጣ መኪና ቱርቦዋን ስታጣ የምትከፍለው ይለያል።

የውኃውን ሙቀት ዓይኔን ሳልነቅል ስከታተል ነበር። እኛ አገር ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ አናቱ ላይ ከዚያም በታች። ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ነው። ክዳን ደጋ ላይ ግማሽ ራዲያተር ነው እላለሁ። አዲስ ክዳን ገዝቼላታለሁ፣ ርካሽ ነው። መርፌው ከመሐል ትንሽ አለፈ፣ ግን ቆመ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ልጁ ዳር ያዘ። እጁ ቁልፉ ላይ ሆኖ አየኝ።

«አሁን ቱርቦ የለም፤ አጥፋው» አልኩት።

አጠፋው። ወርዶ ቁልቁል ቆመ። እኔ ውስጥ ሆኜ በሩን ዘጋሁ፤ ብርዱ አይቻልም።

ሰባት ወር እንዲህ ሄደች። ልጁ የአባቱን እርሻ ማልማት ጀመረ። «ሽንኩርቱ ሲሸጥ ቱርቦውን እናስገባለን ጋሼ» ሲለኝ ያችን አባባል ከዚህ በፊት የት እንደሰማሁ አስታውሼ ዝግንን አለኝ። ሽንኩርቱ ተሸጠ። ሐምሌ ላይ ብሩን ይዞ መጣ።

የቱርቦውን የመሐል ዕቃ ብቻ ነው የገዛነው፤ የድሮው ሁለት ቤት ታጥቦ አገልግሏል። የዘይቱን ማስገቢያ ቱቦ በአዲስ፣ መመለሻውን ፈትቼ እስከ ጥግ ጠርጌ። ከመነሳቱ በፊት በቱርቦው ቀዳዳ ዘይት ሞላሁ፣ በሞተሪኖ ያለ ናፍታ አዞርኩት። የፖምፓውን ኮፍያ ጎማ መለስኩ፣ ናፍታውንም ወደ ቦታው። በመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ከነፊልትሮው ለወጥኩ፤ አሮጌ ከሰል ካለ ይውጣ ብዬ። ያ ቶርኖ ያሠራሁት ቱቦ አሁን የጋራዤ በር በነፋስ እንዳይዘጋ ይይዛል።

ስትነሳ እትዬ ቤት ውስጥ ነበሩ። ልጁ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጣት ፉጨቷ መጣ። በረንዳው ላይ ብቅ አሉ፣ ምንም ሳይሉ ተመልሰው ገቡ።

ጥቅምት ላይ ልጁ እናቱን ይዟቸው ሸዋ ሮቢት ወረደ። ሲመለሱ በሦስተኛ ማርሽ ወጡት። አናቱ ላይ እንደ አባቱ ዳር ይዞ ቆመ። ወረደ። ሞተሩን ግን እንደነገርኩት ሁለት ደቂቃ በባዶ እንዲዞር ተወው።

እትዬ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ለምን አታጠፋውም?» አሉት። «አባትህ ያጠፋው ነበር።»